«አንቺ» ብላ የተቀበለችን ከተማ

ወደ ጽሑፌ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ላንሳ። አዲስ ከተማ ስትገቡ ቀድማችሁ የምታዩት ምንድን ነው? ሕንፃውን ነው? መንገዱን ነው? ወይስ ሰዉን? ይህንኑ ጥያቄ ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤት በሄድኩ ጊዜ ለቤተሰቤ አቀረብኩላቸው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ ታናሽ ወንድሜ «ኧረ ጋዜጠኛዋ መጣች! ካሜራው የታል?» እያለ ቢያሾፍብኝም ሁሉም መለሱልኝ። የሚገርመው የአንዳችንም መልስ ከሌላው ጋር አልገጠመም። አባቴ ያየው የተዘጉ ሱቆችን ነው። ወንድሜ ውኃ የሌለው ወንዝ። እኔ ሙቀቱን። እናቴ ደግሞ አንዲት ቃል ነበረች ያገኘቻት፤ ቃል አይታይም ብትሉኝ እናቴን ጠይቁ እላችኋለሁ።

ከተማዋ ድሬዳዋ ናት። የመጣነው ከደብረ ብርሃን ነው። ጊዜው 2010 ዓ.ም.፣ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ወንድሜ ስምንት። የአባቴ መሥሪያ ቤት «ተዛውረሃል» አለው፤ አለቀ። ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ጋቢና ተጣበን፣ አባቴ ከዕቃው ጋር ላይ ሆኖ ጉዞ ጀመርን። አሰበ ተፈሪ አድረን በማግስቱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ እኔ በመጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ካልሲዬን አወለቅሁ። ሌላ የሚወልቅ ነገር ሲያልቅ ማልቀስ ጀመርኩ።

ነገሩ በጂኦግራፊ የተማርነው ነው። ከፍታ በሺህ ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በስድስትና በሰባት ዲግሪ መካከል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ናቸው። ስለዚህ በሁለት ቀን ጉዞ አሥር ዲግሪ ያህል «ወርደን» ነው የገባነው ማለት ነው። በፈተና ላይ ቢመጣ መልሱን አውቀው ነበር፤ ሰውነቴ ግን አልተማረውም።

ከተማው የገባነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ ጭር ብሏል። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ከጥቂት ባጃጅ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አባቴ ከላይ የጋቢናውን ጣራ ደበደበና መኪናውን አስቆመ። «ምን ሆነው ነው? ግርግር አለ እንዴ?» በ2010 ዓ.ም. ሱቅ ተዘግቶ፣ መንገድ ባዶ ሆኖ ማየት ምን ማለት እንደነበር የዚያን ዘመን አንባቢ አይስተውም። አባቴ ፈርቶ ነበር፤ አሁን ሲያወራው ቢስቅም ያኔ ወደ ኋላ እንመለስ እስከማለት ደርሶ ነበር። ሹፌሩ ግን በእርጋታ «ተኝተው ነው» አለው። እውነትም ተኝተው ነበር! ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ድሬ ትዘጋለች፤ ወደ አሥር ሰዓት ግድም እያዛጋች ትከፈታለች፤ ከመሸ በኋላ ደግሞ ከተማው ሁሉ ደጅ ነው። በብርድ አገር ያደገ ሰው ቀን የሚሠራበት፣ ማታ የሚዘጋበት ነው። እዚህ ሰዓቱን የሚቆጥረው ፀሐይን ፈርቶ ነው። አባቴ ያየው ነገር ትክክል ነበር፣ ሱቁ ተዘግቷል። የተሳሳተው ትርጉሙን ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለትምህርት ክፍላችን ልጆች የሚሆን ነገር አለ። ዋልተር ሊፕማን የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ዓለምን የሚያየው በጭንቅላቱ ውስጥ አስቀድሞ ይዞት በሚዞረው ሥዕል በኩል መሆኑን ያስረዳል። ይህን በክፍል ስንማር ብዙዎቻችን ለፈተና ነው የጻፍነው። እኔ ግን አባቴ የጋቢናውን ጣራ ሲደበድብ ነው የታየኝ።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ፤ የነገሩ እምብርት እሷ ነች።

ደብረ ብርሃን እያለን እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር። የአባቴ ደመወዝ የቤት ኪራይ ነው፤ ደብተራችንና ጫማችን ግን ከምጣዱ ነበር የሚወጣው። ስንነሳ ትልቁን ምጣድ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እርሾዋን በጀሪካን ይዛ ነው የመጣችው። ጀሪካኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር የተጓዘችው። ገና በመንገድ ላይ ሳለን ክዳኑ ቱፍ ብሎ ጋቢናው በእርሾ ታጠበ። (የሹፌሩን ንግግር አልጽፈውም።)

ድሬ ገብታ እንደለመደችው አቦካች። በደብረ ብርሃን ሊጡ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቀን ይቀመጣል። እዚህ በማግስቱ ከቡሃቃው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ስትጋግረው እንጀራው ዓይን አልነበረውም፤ ኮምጣጣ፣ ጠፍጣፋ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሊጡን የሚያቦኩት በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ እነሱም ሲሞቃቸው ሥራቸውን ያፋጥናሉ። በብርድ አገር በሦስት ቀን የሚጨርሱትን እዚህ በአንድ ሌሊት ጨርሰው ያልፉታል። አተሩም እንዲሁ ነበር። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ድሬ ላይ ወደ 96 ይጠጋል። ስለዚህ እናቴ በለመደችው ሰዓት የጣደችው አተር ክክ ገንፎ ሆኖ ጠበቃት። ጀበናና ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ጋገረ፤ የድሬ የከርሰ ምድር ውኃ ኖራ ይበዛዋል። እኔ ይህን ሁሉ አሁን በሳይንስ እተነትነዋለሁ። እሷ ግን ያኔ ያየችው እጇ እንደከዳት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የምታውቀው ሙያ በአንድ ሳምንት ጠፋባት። ሦስት ቡሃቃ ሊጥ ደፋች። በሦስተኛው ቀን ምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ያየኋት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዚህ ላይ ቃሏ መጣች።

በሁለተኛው ቀን ጧት አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ሳያንኳኳ ገባና «አንቺ! እናቴ ጠርታሻለች» አላት። እናቴ ዞር ብላ እኔን አየች፤ ለእኔ የተነገረ መስሏት። ለእሷ ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሰፈር ልጅ «እትዬ» ሳይል ቀና ብሎ አያያትም ነበር። በዚያ ላይ አዲስ ሰው ናት፤ አዲስ ሰው ደግሞ «እርስዎ» ነው የሚባለው። ቀጥሎ ባለሱቁ «አንቺ ምን ልስጥሽ?» አላት፤ ሃያ ዓመት እንኳ አይሞላውም። የባጃጁ ሹፌር አባቴን «አንተ አቦ፣ ጠጋ በል» አለው። ማታ እናቴ «እዚህ አገር ሰው አያከብሩም። ልጆቼ እንዲህ ሆነው አያድጉም» አለች። ከዚያም ለሦስት ሳምንት ያህል «እኔ ልጆቼን ይዤ ልመለስ፣ አንተ ደመወዝህን ላክልን» ስትል ነበር። ቀልድ አልነበረም፤ አንዱን ሻንጣ ሳትፈታ ነው ያቆየችው።

ለመሆኑ ድሬዎች ለምን ሰውን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» ይላሉ? እ.ኤ.አ. በ1960 ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን የተባሉ ምሁራን ስለ መጠሪያ ተውላጠ ስሞች አንድ የታወቀ ጥናት አሳትመው ነበር። በእነሱ አባባል ሰው ሌላውን ሰው ሲጠራ ሁለት ነገር ይመዝናል፤ አንደኛው ማን ይበልጣል የሚለው፣ ሁለተኛው ምን ያህል እንቀራረባለን የሚለው ነው። ብዙ ቋንቋዎች ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ይጋጫሉ። የእናቴ «እርስዎ» የመጀመሪያውን ይመዝናል። የድሬ «አንቺ» ሁለተኛውን።

ይህ ለምን ድሬ ላይ ሆነ? እንደ እኔ ግምት መልሱ ከባቡሩ ጋር የተያያዘ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር። ተራራው አስቸገረና በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ፤ በቆመበት ከተማ በቀለ። ስለዚህ ድሬ ውስጥ መጀመሪያውኑ «የአገሩ ሽማግሌ» ነኝ የሚል ብዙ አልነበረም፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ ፈረንሳዩ አጠገብ ለአጠገብ ሰፈረ። ቀጥ ቀጥ ባሉት የከዚራ መንገዶች የባቡር ሠራተኛው፣ ከአሸዋው ማዶ በመገላ ጠባብ መተላለፊያዎች ነጋዴው። አንዱ በሌላው ቋንቋ ሲገበያይ ደግሞ ማክበሪያው ቀድሞ ይወድቃል። ለምሳሌ ሶማልኛ በተለመደው አነጋገሩ እንደ «እርስዎ» ያለ ነጠላ የአክብሮት መጠሪያ የለውም፤ «አዲጋ» ለሁሉም ነው። ግምቴን ሙሉ ማስረጃ ነው አልልም፤ ሌሎች ከተሞችም ባቡር ነበራቸው፣ ግን እንዲህ አልሆኑም። ድሬ ተወልደው ያደጉ የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ «ዝም ብለሽ ነው የምትፈላሰፊው፣ ፍቅር ነው» ይሉኛል። ይሁን።

የወንድሜን ወንዝ ረሳሁት። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ድልድዩን ስንሻገር ወንድሜ «ውኃው የታል?» አለ፤ ከታች ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ወዲያው ወደደው፤ ሜዳ ያለው ወንዝ! ጎረቤታችን ናት ጆሮውን ይዛ ያስተማረችው። ዝናቡ የሚዘንበው እላይ ደጋው ላይ ነው፤ እታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከድሬ አሮጌ ነዋሪዎች ጋር ስትጨዋወቱ ዓመት የሚቆጠረው «ከጎርፉ በፊት»፣ «ከጎርፉ በኋላ» እየተባለ ነው።

ይህች ጎረቤታችን ልጇን ልካ እናቴን ያስጠራቻት ሴትዮ ነች። ዓረፍተ ነገሩን በኦሮምኛ ትጀምረዋለች፣ መሀል ላይ በሶማልኛ ትቆጣለች፣ በአማርኛ ትጨርሰዋለች። ያን ዕለት የጠራቻት ቡና ተፈልቶ ነበር፤ እናቴ ተቀይማ አልሄደችም። በሦስተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ራሷ መጣች። የተደፋውን ሊጥ አየች። «አንቺ፣ ጤፍ ትደፊያለሽ? አብደሻል?» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም፤ እጅጌዋን ሰበሰበችና እርሾውን በአንድ ጭልፋ ቀነሰች፣ ቡሃቃውን ከግድግዳው ሥር ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ጎተተች፣ «ማታ ሲበርድ አቡኪ፣ በማግስቱ ሳይሞቅ ጋግሪ» አለች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ምጣዱ ላይ የወጣው እንጀራ ዓይኑ የተሟላ ነበር። እናቴ ያን ዕለት ሻንጣውን ፈታች ብል ጥሩ ታሪክ ይሆንልኝ ነበር። አልፈታችም። የፈታችው ከወራት በኋላ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ እውስጡ መኖሩ ትዝ ሲላት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ድሬን ሲያጥለቀልቃት እኛም አልቀረንም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስ፣ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ላይ የምትራባ ናት። ደብረ ብርሃን ላይ ትንኝ አናውቅም ነበርና ውኃ በጠፋ ቁጥር እናቴ የምትሞላቸው በርሜሎች ክዳን አልነበራቸውም። አባቴ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ቁልፍ ማዞር አቃተው። እናቴ ከአልጋ መነሳት ተሳናት። ጎረቤታችን ገና ከራሷ በሽታ ሳታገግም፣ እግሯን እየጎተተች፣ አሁንም ሳታንኳኳ ገባች። በርሜሎቹን በጣውላ ከደነች። ለእኔ «አንቺ እሳት አያይዢ»፣ ለአባቴ «አንተ ተኛ»፣ ለእናቴ «አንቺ ክፈቺ አፍሽን» እያለች አጥሚት አጠጣቻት። ያን ጊዜ እናቴ አልተቀየመችም። ጠይቄያትም ነበር፤ «ማን አቅም ነበረው?» ብላኝ አልፋለች።

አሁን ወደ ስምንተኛው ዓመት እየሄድን ነው። እናቴ ለሦስት ቤቶች እንጀራ ታስረክባለች። ባለፈው ክረምት ይህን ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ስልክ ጠራ፤ ደብረ ብርሃን ያሉት የአባቴ እናት ነበሩ። እናቴ በሕይወቷ ከ«አንቱ» ሌላ ብላቸው አታውቅም። ሊጥ በያዘ እጇ ስልኩን አነሳችና በደስታ «አንቺ! እንዴት ነሽ?» አለች።

ዝም ተባለ። እናቴ አፏን በሊጥ እጇ ያዘች። አባቴ ስልኩን ከእጇ ተቀበለ፤ አያቴ ጮክ ብለው ስለሚናገሩ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«ልጄ፣ ሚስትህ ደኅና ናት?»

አባቴ ትንሽ አሰበና «ሙቀቱ ነው፣ እማዬ» አላቸው።