ዛፍ የማይወጣው የዛፍ እንቁራሪት

«እንቁራሪት ዝሆን አክል ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» ሲባል ያልሰማ የለም። ተረቱ ትዕቢተኛን ለመምከር የተነገረ ሲሆን እንስሳዪቱን ግን ያለ ጥፋቷ አሳምቷታል። በእውነቱ ራሱን የሚነፋው ወንዱ ነው፤ ይኸውም ለትዕቢት ሳይሆን ለትዳር ነው። አፉንና አፍንጫውን ዘግቶ የሳንባውን አየር በማንቁርቱ እያሳለፈ በጉሮሮው ሥር ያለውን ከረጢት ይነፋል፤ ድምፁም በዚሁ ይጎላል። ሴቲቱ በጨለማ የወገኗን ወንድ የምትለየው በዚህ ጩኸት ነው።

በዚህ ሙያ ስመ ጥሩ የፖርቶ ሪኮው ኮኪ ነው። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጠው ይህ ፍጥረት ሌሊቱን ሙሉ «ኮ-ኪ» ይላል፤ «ኮ» ለባላንጣ ወንዶች ማስጠንቀቂያ፣ «ኪ» ለሴቶች ጥሪ ነው። በአገሩ እንደ ብሔራዊ ምልክት ሲወደድ፣ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ከገባ ወዲህ ግን እንቅልፍ ነሺ ተብሎ ይሳደዳል።

እኛም የራሳችን አለን። ሊቃውንት ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔየስ የሚሉትና ቡሌንጀር የተባለው የእንስሳት ሊቅ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ለሳይንስ ያስተዋወቀው እንቁራሪት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም አይገኝም። ወገኑ የዛፍ እንቁራሪት ይባላል፤ እርሱ ግን ዛፍ መውጣቱን ትቶ ከሣር መካከል ይኖራል፣ አፈር ቆፍሮም ይሸሸጋል። በአገራችን ካሉት ከ60 የሚበልጡ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆኑት እንዲሁ በሌላ አገር የሉም።

እንቁራሪት በሳንባው ብቻ ሳይሆን በቆዳውም ይተነፍሳል፤ ውሃ የሚጠጣውም በቆዳው ነው። ስለዚህ ወደ ወንዝ የሚደፋ ዘይትና ሳሙና ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን ይጎዳዋል። ከእንጦጦ የሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች ዳርቻና በየካ ተዳፋት ክረምት የሚያረጥበው ሣር ለእንዲህ ያለው ፍጥረት ማደሪያና መራቢያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ኮረብታውን ለብሶታል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል። ከታች ግን ከተማው ወደ ላይ ይገፋል።

ቤት ፈላጊው ብዙ ስለሆነ አይሠራ ማለት አይቻልም። ነገር ግን አንድ ረግረግ «ባዶ መሬት» ተብሎ በፕላን ላይ ሲሰፍር፣ ፊርማው የሚጠየቀው ወጣት ሹም በሐምሌ ምሽት እስከ ቦታው ሄዶ ጥቂት ደቂቃ ቢያዳምጥ መልካም ነው። ተማሪውም የሰማውን ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ቢይዝ አገሩን ይጠቅማል። መሬቱ ባዶ አለመሆኑን ነዋሪዎቹ ራሳቸው በየሌሊቱ ይናገራሉና።