ቋንጃና መቀነት

አያታችን ወሎ፣ መርሳ ባለው ግቢያችን በአጭር መጥረጊያ ስትጠርግ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ፤ ያስተዋልኳት ግን ባለፈው ክረምት ነው። ጉልበቷ ቀጥ ብሏል፤ ጀርባዋ አልጎበጠም፤ የታጠፈችው ከዳሌዋ ነው። እንደዚያ ሆና ከበሩ እስከ አጥሩ ድረስ ትጠርጋለች። ሰባ ዓመት አልፏታል። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ወልድያ የሚማረው የ21 ዓመቱ ወንድሜ የወደቀበትን እስክሪብቶ ሊያነሳ ጎንበስ አለና መሃል ላይ ቀረ። ጀርባውን አጉብጦ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በአንድ እጁ የጭኑን ጀርባ ይዞ በመከራ አነሳው።

«ምነው አንተዋ፣ ምን ያዘህ?» አለችው።

«ጅማቴ ነው እማ፤ አጥሯል።»

አጠረ ያለው ነገር በአማርኛ የታወቀ ስም አለው፤ ቋንጃ ይባላል። የኳስ ጋዜጠኞች ተጫዋች ጭኑን ይዞ ሲወጣ «ሃምስትሪንግ» የሚሉትም እሱኑ ነው። ተቀምጣችሁ እጃችሁን ከጉልበታችሁ ጀርባ ብትሰዱ ግራና ቀኝ እንደ ክራር ክር የተወጠሩ ጅማቶች ታገኛላችሁ። የሦስት ጡንቻዎች ጫፍ ናቸው። ጡንቻዎቹ ከመቀመጫ አጥንት ተነስተው፣ በጭን ጀርባ ወርደው፣ ከጉልበት በታች ባሉት ሁለት አጥንቶች ላይ ይያያዛሉ። ዳሌንም ጉልበትንም ስለሚሻገሩ ሥራቸው ሁለት ነው፤ ጉልበት ያጥፋሉ፣ ጎንበስ ያለውን ሰው ደግሞ ከዳሌው ቀና ያደርጋሉ።

ነገሩ ሁሉ የሚፈታው ከዚህ ነው። ቋንጃ ሙሉ ለሙሉ የሚለጠጠው ዳሌ ታጥፎ ጉልበት ቀጥ ሲል ብቻ ነው። መጥረጊያ ይህን ይጠይቃል። ጎንበስ ብሎ ጤፍ የሚያጭድ የወረዳችን የሐብሩ ገበሬም ይህን ያደርጋል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በቀን አምስቱን የግዴታ ሶላት ሲሰግዱ 17 ጊዜ ሩኩዕ ያደርጋሉ፤ እጅ ጉልበት ላይ፣ እግር ቀጥ፣ ጀርባ ዝርግት። ወንበር ግን ይህን ከሰው ጠይቆ አያውቅም። ወንድሜ ክፍል ውስጥ ጉልበቱ እንደታጠፈ ነው፤ ላይብረሪም፣ ባጃጅም ውስጥ እንደዚያው። ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ሲመጣም ጉልበቱ ከፊት ወንበር ጋር ተጋጥሞ ነው። ማታ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ስልኩን ሲነካካ እንኳ ጉልበቱን አቁሞ ነው። የአያቴና የእሱ ልዩነት የዕድሜ ቢሆን ኖሮ ተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ይህን የሚለኩበት መንገድ ቀላል ነው፤ እኔም ወንድሜን አልጋ ላይ በጀርባው አስተኝቼ ሞከርኩት። ጭኑን ወደ ጣሪያ ቀጥ አድርጎ በሁለት እጁ ይይዛል፤ ከዚያ ጭኑ ሳይነቃነቅ ቅልጥሙን ቀስ እያለ ወደ ላይ ይዘረጋል። ጉልበቱ ሙሉ ለሙሉ ከተዘረጋ ወይም እስከ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ከቀረው ደህና ነው ይባላል። የወንድሜ እግር ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለመዘርጋት በግምት 40 ዲግሪ ቀርቶት ቆመ።

እዚህ ላይ መቸኮል አደገኛ ነው። ከጭን ጀርባ የሚያልፈው ቋንጃ ብቻ አይደለም፤ ከወገብ ወርዶ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው ትልቁ ነርቭም በዚያው ያልፋል። ስሜቱ ከጭን ጀርባ ሳያልፍ የመወጠር ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የጡንቻ መሆኑ ያመዝናል። ከጉልበት በታች የሚወርድ መጠዝጠዝ፣ መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ካለ፣ አገጭን ወደ ደረት ሲያስጠጉም ከባሰ፣ ነርቭ ሳይኖርበት አይቀርምና መለጠጥ ይቆየው። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ ወይም በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ነው።

ወንድሜን የሚወጥረው ብቻ ነበር። ታዲያ እውነት አጥሯል? ብዙ ዘመን ባለሙያውም እንደዚያ ያምን ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ማግኑሰንና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። የተሳታፊዎቹን አንድ እግር ብቻ ለ3 ሳምንት ገደማ በየቀኑ አለጠጡ። የሠለጠነው እግር ከቀድሞው አልፎ ሄደ፤ ጡንቻው ግን እኩል ማዕዘን ላይ ሲለካ የመግተር ኃይሉ ያው የበፊቱ ነበር። የተለወጠው ሰውየው «በቃ» የሚልበት ቦታ ነው። ነርቭ እንደ አዲስ ዘበኛ ነው፤ የማያውቀውን እንግዳ ከበር ይመልሳል። በየቀኑ በሰላም መጥቶ በሰላም የሚመለሰውን ግን እየለመደ ሲሄድ በሩን ይከፍትለታል። በጉልበት ልግባ የሚለውን የባሰ ይከላከለዋል። ለዚህ ነው ጓደኛ ጀርባ ላይ ወጥቶ «ያዝ፣ ቻል!» እያለ የሚገፋው ልምምድ እኔን የሚያናድደኝ። ጡንቻ ቢበጠስስ?

የሚጠቅመው መጠን ታውቋል፤ ከሚገመተውም ያነሰ ነው። ባንዲና ኢሪዮን የተባሉ አሜሪካውያን በ1994 እ.ኤ.አ. 57 ሰዎችን በአራት ቡድን ከፍለው ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን አሠሩ። አንዱ ቡድን ምንም አልሠራም፤ ሌሎቹ 15፣ 30 እና 60 ሴኮንድ ለጠጡ። የ30 ሴኮንዱ ከ15ቱ በለጠ፤ 60ው ግን ከ30ው ምንም የጨመረው የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በቀን አንዴ መለጠጥ ሦስት ጊዜ ከመለጠጥ እንደማያንስ አገኙ። በቀን ለአንድ እግር ግማሽ ደቂቃ! ቡና እስኪፈላ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

መሣሪያው የአያቴ መቀነት ሆነ። ወንድሜ በጀርባው ተኝቶ መቀነቱን በውስጥ እግሩ አዙሮ በሁለት እጁ ያዘ፤ ሌላው እግር መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን ወደ ላይ ይስባል፤ የሚወጥር ግን የማያም ቦታ ሲደርስ ቆሞ እየተነፈሰ 30 ይቆጥራል። ቁምነገሩ ትንፋሹ ላይ ነው፤ ትንፋሽ የያዘ ሰው ገላው ሁሉ ይገተራል።

ባለሙያ ሲኖር ሌላ ዘዴም አለ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኸርማን ካባት የተባለ ሐኪም ለሽባነት ሕክምና ካዳበራቸው ስልቶች የመጣ ነው። ባለሙያው እግሩን አንስቶ ትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ ታካሚው ተረከዙን ወደ ታች፣ ትከሻው ላይ፣ ከ6 እስከ 10 ሴኮንድ ይገፋል። ከዚያ ለቀቅ ያደርጋል፤ እግሩም ያለ ትግል ትንሽ ከፍ ይላል። ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው ሰው ይገርማል፤ ወደ ታች የገፋ እግር ወደ ላይ ይሄዳል።

መለጠጥ ብቻውን ግን ግማሽ ሥራ ነው። ያልጠነከረ ቋንጃ ያገኘውን ርቀት አይዝም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልታችሁ በሁለት እጅ ያዙ፤ ጉልበት በትንሹ ለዘብ ይበል፤ ጀርባ ሳይጎብጥ ከዳሌ እየታጠፋችሁ ጀሪካኑን በጭናችሁ ፊት አንሸራትታችሁ አውርዱ፤ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። ያው የአያቴ አጠራረግ ነው፤ ክብደት ተጨመረበት እንጂ። ቋንጃ እየረዘመ ሸክም ሲችል የሚደረግ ልምምድ ለ6 ሳምንት በወጣቶች ላይ ተሞክሮ ከመለጠጥ እኩል፣ 12 ዲግሪ ያህል እንደጨመረ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

በእኛ አገር እግሩን የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻን አልንቅም፤ በቅቤ የታሸ ጭን ለአንድ ሁለት ቀን እንደሚቀለው አውቃለሁ። ዘልቆ አይቆይም እንጂ፤ ወንበሩ እንዳለ ነውና። ፊዚዮቴራፒስት የሚባል ባለሙያ መኖሩን ስንቱ ወጣት ያውቃል? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ትምህርቱን በዲግሪ ደረጃ ከጀመረ ወዲህ አገር ውስጥ የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉን፤ ወሎ ውስጥ ግን ብዙው ሰው ሙያውን የሚያገናኘው ደሴ ካለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል፣ ከሰው ሠራሽ እግርና ከክራንች ጋር ነው። ሁለት እግር ያለው የ21 ዓመት ልጅ እዚያ ምን ይሠራል ይባላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ወገቡ ሳይታመም፣ ሳያነክስ፣ ገና መወጠር ብቻ እያለ ሄዶ ቢታይ የሚያስፈልገው የጥቂት ቀን ትምህርትና የራሱ መቀነት ነው።

የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን የሚከበረው ሴፕቴምበር 8 ነው፤ የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተበት ዕለት። በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ጳጉሜን 3 ላይ ይውላል፤ ሩፋኤል፣ ስሙ «እግዚአብሔር ይፈውሳል» ማለት የሆነው። እናቶቻችን ልጆቻቸውን አውጥተው በዝናቡ የሚያስጠምቁበት ቀን። መሥራቾቹ ሳያስቡት እንደገጠመላቸው አምናለሁ፤ ለእኔ ግን በዓመት አንድ ቀን ስለዚህ ሙያ ለማውራት ከዚህ የተሻለ ዕለት የለም።

ወንድሜ ያን ክረምት መርሳ ቆየ። የሳሎኑ በር መቃን አጠገብ ተኝቶ እግሩን በመቃኑ ላይ ያነሳል፤ ተረከዙ የደረሰበትን በየሳምንቱ እሑድ በእርሳስ አሰምርለታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ተደራርበው አንድ መሰሉ፤ ተስፋ ሊቆርጥ ነበር። ከአራተኛው በኋላ ነው መራራቅ የጀመሩት። በስድስተኛው እሑድ አያቴ መጥረጊያዋን ይዛ መጣችና ከታችኛው መስመር እስከ ላይኛው በእጇ ለካች፤ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት። «ይኸ ሁሉ በእኔ መቀነት?» አለችና ተቀብላው ወገቧ ላይ አሰረችው።