ያረጀ ዕቃ ለቤት ጌጥ፤ ከሐረር ቤት የምንማረው ቁጠባ

በወር ደመወዝ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ቤቱ አምሮ እንዲታይለት ይወዳል፤ ነገር ግን የቤት ኪራዩ፥ የቀለቡና የልጆቹ የትምህርት ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ለጌጥ የሚተርፈው ገንዘብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወይ በዱቤ ገዝቶ ለብዙ ወራት ዕዳ ይከፍላል፤ ወይም ቤቴ ለእንግዳ አይሆንም ብሎ ያፍራል። ስለ ዱቤው አባቶቻችን «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ብለው ጨርሰውታል። የሚያሳፍር ነገር አለመኖሩን ለማስረዳት ግን አንባቢያችንን ወደ ሐረር ጀጎል እንወስዳለን።

በግንቡ ውስጥ የሚገኘውን የቆየ የሐረሪ ቤት የጎበኘ ሰው እንደሚያውቀው፥ «ጊዲር ጋር» በተባለው ዋና ክፍል ወንበርና ሶፋ አይፈለግም። ከቤቱ ጋር አብረው የተሠሩ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ስማቸውም «ነደባ» ይባላል። በግድግዳው ላይ የሚታየውም ለጌጥ ብቻ የተገዛ ነገር አይደለም። በሴቶች እጅ የተሰፋ ሰፌድና ሙዳይ፥ ከእንጨት የተፈለፈለ ገበታ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ የኤናሜል ሳሕን ነው። ምንጣፉ እንኳ ተጠቅልሎ ከበሩ በላይ ሲቀመጥ፥ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ መኖሯን ያመለክታል ይባላል።

እንግዲህ ከዚህ ቤት የምናገኘው ትምህርት፥ ቤትን የሚያስጌጠው የዕቃው አዲስነት ሳይሆን የአቀማመጡ ሥርዓት መሆኑ ነው። በብዙዎቻችን ቤት በአልጋ ሥር የሚከመረው ሰፌድ በሐረሪ ቤት በረድፍ ተሰቅሎ የእመቤቲቱን ሙያ ይመሰክራል።

ከቤቱ ወጥተን ወደ ገበያው ብንሄድም ያው ቁጠባ ይታያል። ሐረሪዎች አስመዲን በሪ በሚሉት በሸዋ በር አጠገብ፥ ቀጥቃጮች የተጣለውን ብረትና ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ለቤት የሚያገለግል ዕቃ ያደርጉታል። መኪና ግርግር የተባለው ጠባብ መንገድም ስሙን ያገኘው በዚያ ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ራስዎ ቤት እንመለስ። አንደኛ፥ ያረጁ ሰፌዶችን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራቸውን ያራግፉ። ከዚያም ከትልቁ ጀምረው እስከ ትንሹ በአንድ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያነጣው፥ እርጥበትም ስለሚያሻግተው፥ ከመስኮት ፊት ለፊትና ውሃ ከሚያሰርግ ግድግዳ ይራቅ።

ሁለተኛ፥ ኤናሜሉ የተላጠ ሳሕን ብረቱ ስለሚዝግ ለምግብ አይሆንም፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን አበባው እንደ ሥዕል ያምራል።

ሦስተኛ፥ ያለቀ ነጠላ ወይም ቀሚስ ከመጣሉ በፊት ጥለቱን ቆርጠው ያስቀምጡ። መካከሉ ቢሳሳም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነውና፥ ልብስ ሰፊ በትራስ ልብስ ላይ ቢሰፋልዎ አሮጌውን ትራስ ያድሰዋል። የቆየ የልብስ ሣጥንም በላዩ እንዲህ ያለ ትራስ ሲደረግበት መቀመጫ ይሆናል።

አራተኛ፥ የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ከታች አራት አምስት ቦታ ተበስቶ ቀለም ሲቀባ የጤና አዳምና የበሶብላ መትከያ ይሆናል። ካልተበሳ ውሃው ተጠራቅሞ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የነበረበት ቆርቆሮ ግን ምንም ቢታጠብ ወደ ቤት አይግባ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ያረጀ ሁሉ የሚቆረጥና የሚቀባ አይደለም። ከአያት የተወረሰ የሐረር ስፌት ሲቀደድ በሙያተኛ ሊጠገን ይገባዋል እንጂ ቀለም ሊቀባ አይገባውም። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ሲመዘገብ፥ ይህ የቤት አሠራር ከክብሩ አንዱ ነበር። የራስ ተፈሪ ቤት በተባለው ሕንፃ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ዛሬ በጥንቃቄ ከሚያስቀምጣቸው ቅርሶች መካከል ቀድሞ በየቤቱ የነበሩ ዕቃዎች ይገኛሉ። የእናትን እጅ ሥራ በርካሽ ሸጦ በምትኩ የፕላስቲክ አበባ የሚገዛ ሰው ቆጠበ አይባልም፤ ልጆቹ በማንኛውም ዋጋ መልሰው የማይገዙትን ነገር አጥቷልና።

ስለዚህ የሚቀጥለው ደመወዝ ከመድረሱ በፊት ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ሆነው ዕቃ ቤቱን ይክፈቱ። የሚሰቀለውን፥ የሚጠገነውንና የሚጣለውን ለይተው ሦስት ቦታ ያስቀምጡ። ልጆቹም ይህ የማን እንደ ነበረ፥ ማን እንደ ሰፋው ይጠይቁ፤ እርስዎም ይንገሯቸው። በዚህ ዓይነት ያማረ ቤት ዕዳ የለበትም፤ እንግዳ ሲመጣም የሚነገር ታሪክ አለው።