የአሸዋ ዝንብ አንጀትና የሊቦ ከምከም ሕመም

ከደብረ ታቦር ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ ወደ ጣና ባሕር ዝቅ እያለ በሚሄደው በሊቦ ከምከም ወረዳ፥ ከ1997 ዓ. ም. በፊት ትኩሳቱ የማይለቅ፥ ሰውነትን የሚያከሳ፥ ጣፊያን የሚያሳብጥ ሕመም ገብቶ ብዙ ሰው ገደለ። በመጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። ይህን ማለታቸው ሊያስወቅሳቸው አይገባም፤ በ1950 ዓ. ም. ማለቂያና በ1951 መባቻ በደጋው ጭምር የተነሣው ወባ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ የሚረሳ አይደለምና። ነገር ግን የወባ መድኃኒት ለዚህ ሕመም አልበጀም። በ1997 ዓ. ም. በተደረገው ምርመራ ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ እርሱም ካልታከሙት አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል ነው።

ቀድሞ የሚታወቀው በመተማና በሑመራ ቆላ ስለ ነበረ፥ ለሥራ ወደዚያ የወረዱ ሰዎች ይዘውት እንደ ተመለሱ ይገመታል። ሰው ተሸክሞ ያመጣው ተውሳክ ግን ከአገሩ ዝንብ ጋር ባይስማማ ኖሮ በዚያው በቀረ ነበር።

የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ እጅግ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር አጠገብ ትኖራለች። ሴቲቱ የጠጣችው ደም በአንጀቷ ውስጥ በስስ መጋረጃ ይከደናል፤ ደሙን የሚፈጩት ትሪፕሲንና መሰሎቹ ተውሳኩንም ሊጎዱት ይችላሉ። ከዚያ ቢተርፍ እንኳ የአንጀቱን ግድግዳ ካልጨበጠ ከዝቃጩ ጋር ይጣላል። የጨበጠው ግን ይራባል፤ ከሳምንት ያህል በኋላ ወደ ጉሮሮዋ ወጥቶ እንደ ሙጫ ባለ ነገር መንገዱን ይዘጋል። ያን ጊዜ ደሙ እንደ ልቧ ስለማይወርድላት ደጋግማ ትነክሳለች፤ በነከሰችም ጊዜ ሙጫውን ከነተውሳኩ ትተፋዋለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንጀቷ ምን ያደርጋል? በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ጂን የሚባል ተጽፎ ያለ የሥራ ትእዛዝ አለ፤ ሕዋሱም፥ መሪጌታ ከድጓው የዕለቱን ብቻ አውጥቶ እንደሚያዜም፥ ለጊዜው የሚያስፈልገውን ብቻ ያነባል። ሊቃውንት ንጹሕ ደም የጠጣችውንና ተውሳክ ያለበት ደም የጠጣችውን ዝንብ አስተያይተው የትኛው ትእዛዝ እንደ በዛ፥ የትኛውም እንደ ቀነሰ ይቈጥራሉ። በሌላ አገር ባሉ የዚሁ ወገን ዝንቦች ተውሳኩ ባለበት አንዳንድ የትሪፕሲን ትእዛዞች ቀንሰው ተገኝተዋል፤ ይኸውም ለተውሳኩ የሚበጅ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ዝንብ ላይ የታተመው ምርመራ ግን የተለወጡት ጂኖች ጥቂቶች ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ይህ ከፊተኛው ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ሌባ በር ሰብሮ ቢገባ ውሻ ይጮኻል፥ እንደ ቤተ ሰው ቀስ ብሎ ቢገባ ግን ማን ይነቃል?

በሊቦ ከምከም የተደረገው ጥናት ቀን ከግራር ሥር የሚተኛ ሰው ለሕመሙ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አመለከተ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈና ጣፊያው ያበጠ ሰው የወባ መድኃኒት ካልፈወሰው ለካላዛር ሊመረመር ይገባል። በምሥራቅ አፍሪካ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን መወጋት ነው፤ በመከር ወራት 17 ቀን ለገበሬ ምን ያህል እንደ ሆነ የወረዳው ሹም ሁሉ ያውቃል።