የአሊ ቢራ መንገድ፦ ቤተሰብዎን ይዘው ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በድሮ ዘፈን

ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። ታላቅየው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የራሱ ዓለም ውስጥ ገብቷል። ታናሽየዋ ‹‹ገና ነው እንዴ?›› ስትል ይህ አሥረኛ ጊዜዋ ነው። እርስዎ መሪውን ይዘዋል። አዋሽ ሰባት ኪሎን ካለፉ ቆይተዋል፤ ቆላው ይፋጃል፣ ግራሩ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተበትኗል፣ ከሜዳው ብድግ ያለው የአሰቦት ተራራም ከሩቅ ይታያል። አሁን ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ብስኩት አይደለም፤ አንድ ጥሩ ዘፈን ነው።

ግን የትኛው? የሐረርጌ መንገድ ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። በዚህ ጎዳናና ከጎኑ በተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ላይ ነጋዴው፣ ተሳላሚውና ወታደሩ ብቻ ሳይሆን ሙዚቃችንም ተመላልሶበታል። እንግዲህ ለመጪው ዕረፍትዎ ጉዞውን ከድሮ ዘፈን ጋር አብረን እናቅድ።

ሙዚቃ በባቡር ሲመጣ

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም. ጠበቀ። 784 ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው በዚህ መስመር ላይ አሰቦትና ሚኤሶም ባቡር የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ነበሩ።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደዷቸው። አርባዎቹ ልጆች በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ኢትዮጵያ ገቡ። ዛሬም ‹‹አርባ ልጆች›› እየተባሉ ይታወሳሉ። የዚያ ዘመን የባሕር መንገደኛ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በዚህ ሐዲድ ነበርና፣ መለከትና ትሮምቦን የተሸከሙት እነዚያ ልጆች እርስዎ አሁን በመስኮት የሚያዩትን ቆላ አይተውታል ማለት ነው። ይህንን ለልጆችዎ ሲነግሩ ‹‹ስንት ዓመታቸው ነበር?›› ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ‹‹እንደናንተ ልጆች ነበሩ፤ እናትና አባት ግን አልነበራቸውም›› ይበሏቸው።

ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የነሐስ ባንድ ልማዱም በጦር ሠራዊቱ፣ በፖሊስና በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ሥር ሰደደ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ የተሰሙት ከዚያ ከክብር ዘበኛ መድረክ ነው። በየሠርጋችን የሚያስጨፍረን የጡሩምባ ድምፅ በአንድ በኩል የዘር ሐረጉ ከዚህ ሐዲድ ይመዘዛል።

ከድሬዳዋ የተነሳ ድምፅ

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ባለታሪክ ከሌላኛው የመንገዱ ጫፍ የተነሳ ነው። አሊ መሐመድ ሙሳ በ1939 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ፣ ገንደ ቆሬ በሚባለው ሰፈር ተወለደ። የባቡር ከተማ ልጅ ነውና ኦሮምኛው፣ ሐረሪው፣ ሶማሊኛው፣ ዓረብኛውና አማርኛው በአንድ ገበያ ሲደባለቁ እየሰማ አደገ።

ገና አሥራዎቹን እንደጀመረ ‹‹አፍረን ቀሎ›› ከሚባለው የድሬዳዋ የሙዚቃ ቡድን ጋር ተቀላቀለ። ስሙ የአራቱን የቀሎ ልጆች፣ የአላን፣ የኖሌን፣ የባቢሌንና የኦቦራን ጎሳዎች የሚያስታውስ ነው። ልጁ አሊ ስለ ‹‹ቢራ›› ያዜመው ዘፈን ከሕዝብ ጆሮ ሲገባ፣ ‹‹ቢራ›› ቅጽል ስሙ ሆኖ ቀረ። ቃሉ በኦሮምኛ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት፣ አበባ የሚፈካበት ወቅት ነው። እኛም በአማርኛ ‹‹ዛሬ ሰማዩ ብራ ነው›› እንል የለ?

ለአሊና ለጓደኞቹ ግን ሰማዩ ብዙ ጊዜ ብራ አልሆነላቸውም። በኦሮምኛ እየዘፈኑ መድረክ መያዝ በጥርጣሬ የሚታይበት ዘመን ነበርና ቡድኑ ታገደ። አሊ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። እዚያም ተይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ድሬዳዋ ላይም ታሰረ። ሲፈታ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ትናንት ዘፈኑ ያሳሰረው ወጣት፣ የንጉሠ ነገሥቱ የራሱ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባል ሆነ።

አሊ ኡድና ጊታር እየተጫወተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘፈነ። ዓመታትን በስደት አሳልፎ ተመለሰ፤ በ2002 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ‹‹ኢትዮፒክስ›› የተባለው ዝነኛ የሙዚቃ ስብስብም 28ኛ አልበሙን ለእሱ ሥራዎች አዋለ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ አዳማ ውስጥ ሲያርፍ አገር አለቀሰለት፤ የተቀበረውም በተወለደባት በድሬዳዋ ነው።

ከእነ ዘፈኑ እንነሳ

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ። የፍጥነት መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ልጆቹም ገና አልሰለቹም። እዚህ ላይ ጥላሁንን ይክፈቱ። አያት አብረው ከሆኑ ደግሞ ምርጫውን ለእሳቸው ይተዉ። ‹‹ይህ ዘፈን ሲወጣ የት ነበሩ?›› ብለው ይጠይቋቸውና ዝም ብለው ያዳምጡ። ከዘፈኑ ይልቅ የሚጣፍጠው ታሪክ ያኔ ነው የሚመጣው።

ከአዳማ እስከ አዋሽ። ወለንጪቲን አልፈው መተሐራ ሲደርሱ የበሰቃ ሐይቅና ከፈንታሌ ተራራ ፈስሶ የደረቀው ጥቁር ድንጋይ ይቀበልዎታል። ለዚህ ሜዳ የብዙነሽ በቀለ ድምፅ ይስማማዋል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ምሳ ይብሉ፤ የባቡር ዘመኑን ቡፌም ለልጆቹ ያሳዩአቸው። መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው ከዚህ ነው፤ አንዱ ወደ ሚሌ፣ ሌላው ወደ ሐረርጌ ይሄዳል።

አሰቦትና ሚኤሶ። አሁን ዜማ ይቀይሩ። አሊ ቢራ እዚህ ይጀምር። ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ፍጥነት መቀነስዎ አይቀርምና ኡዱን በደንብ ለመስማት ጊዜ አለዎት። በአሰቦት ተራራ ላይ ያለውን የሥላሴ ገዳም የሚያውቅ ካለ ታሪኩን ይንገራችሁ። ሚኤሶ ላይ ደግሞ አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያ አለው፤ ልጆቹ አሮጌውንና አዲሱን ሐዲድ ያወዳድሩ።

አሰበ ተፈሪ (ጭሮ)። ከሚኤሶ ቆላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። መስኮት ይክፈቱ፤ አየሩ ሲቀየር ይታወቅዎታል። ከአዲስ አበባ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋልና አዳርዎ እዚህ ቢሆን ይመከራል። ጨርጨርን በአንድ ወቅት ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትና በአማርኛ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴአትር፣ ‹‹ፋቡላ››ን የጻፉት ሰው ናቸው። በዚህ አገር መድረክ ላይ ቆሞ ሕዝብን ማስደሰትም ማስቆጣትም ከጨርጨር ሩቅ ሆኖ አያውቅም።

ከሂርና እስከ ቁልቢ። ማሽላው፣ ቡናውና ጫቱ በተራሮቹ ወገብ ላይ ተደርድሮ የሚታይበት መንገድ ነው። ጠዋት ላይ ከቡና ቅጠል ወይም ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ ይሞክሩ፤ ልጆችም ይወዱታል። ማሕሙድን ለዚህ ከፍታ ያቆዩት። ቁልቢ ገብርኤልን ተሳልመው ደንገጎ ሲደርሱ መንገዱ እንደገና ይከፈላል፤ ወደ ሐረማያና ሐረር ይቀጥላሉ ወይም ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል ይወርዳሉ። ድሬ ከታች ብቅ ስትል እንደገና አሊን ይክፈቱት። አሁን ቤቱ ደርሷል።

ቃሉ ሳይገባን የወደድነው

ብዙዎቻችን በአዲስ አበባ ሠርግ ቤቶች በአሊ ዜማ ትከሻችንን ነቅንቀናል። የሚለውን ግን ስንቶቻችን ጠየቅን? አንድ ሰው ለታሰረበት ቋንቋ፣ ጭፈራ ብቻ በቂ ምላሽ አይመስለንም። ይህ ጉዞ ለመጠየቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው። አሰበ ተፈሪ ቡና ሲጠጡ ዘፈኑን ከስልክዎ ከፍተው ‹‹እስቲ ምን እያለ ነው?›› ብለው አጠገብዎ ያለውን ሰው ይጠይቁ። የሐረርጌ ሰው ጨዋታ አይሰስትም። ልጆችዎ በአንድ ቀን አሥር የኦሮምኛ ቃል ይዘው ቢመለሱ፣ ከማንኛውም የመታሰቢያ ዕቃ ይበልጣል። ኦሮምኛ የቤትዎ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚው እርስዎ ነዎት፤ ልጆቹ እየረሱት ካሉም ማስታወሻው እጅዎ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የድሮ ዘፈን በሸክላና በካሴት ብቻ አልቆየም፤ ያቆየው እያንጎራጎረ የሚነዳ አባት፣ ሽሮ እያማሰለች የምታዜም እናት ናት። ልጆቻችን በየጆሯቸው ማዳመጫ ለየብቻ መስማት ከጀመሩ ወዲህ አንድ ዘፈን አብሮ የሚሰማበት ቦታ እየጠበበ ሄዷል። መኪናው ከቀሩን ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ታላቅየው መጀመሪያ ቢያኮርፍም አያስገድዱት። ከሦስት የእናንተ ዘፈን በኋላ አንድ የእሱን ያጫውቱለት፤ እርስዎም ሳይስቁበት ይስሙት። በሁለተኛው ቀን ማዳመጫው አንገቱ ላይ ወርዶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ከመነሳትዎ በፊት

• የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ በቅርቡ ከተጓዙ ሰዎችና ከሚመለከተው አካል ይጠይቁ። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

• በቀን ብቻ ይንዱ። ከቆላው ከብትና ግመል፣ ከደጋው ደግሞ ጠመዝማዛና ጫት ጭነው የሚጣደፉ አይሱዙዎች ይጠብቅዎታል።

• ዘፈኖቹን ከቤትዎ ሳሉ በፍላሽ ወይም በስልክዎ ይጫኑ፤ በኔትወርክ አይተማመኑ።

• ቁልቢ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይነግሣል። በዓሉን ካልፈለጉ በእነዚያ ቀናት ዙሪያ አይነሱ፤ ከፈለጉ ደግሞ ማደሪያዎን አስቀድመው ይያዙ።

• የአያትን የሦስት ዘፈን ምርጫ በወረቀት ጽፈው ይያዙ። አብረው መጓዝ ካልቻሉ ድሬዳዋ ሲደርሱ ይደውሉላቸውና ዘፈኑን በስልክ ያሰሟቸው። ከዚያ ስልኩን ለልጆቹ ይስጡ።