የጾም ወተት፣ የበዓል ቅቤ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለኦንላይን ሽያጭ የሚያዋጣው ገበያ የትኛው ነው?

ከሱሉልታ ሜዳ ማልዶ የሚነሣው ወተት የእንጦጦን ተራራ አቋርጦ አዲስ አበባ የሚደርሰው በማለዳ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን መንገዱ ያው ሆኖ ገዢው ይቀራል። ላም ጾም አታውቅም፤ ጠዋትና ማታ መታለቧን ትቀጥላለች። ሰብሳቢው የሚረከበውን መጠን ይቀንሳል፣ ዋጋውንም ዝቅ ያደርጋል። አርቢው በበኩሉ የመኖ ወጪው አንዲት ብር ሳትቀንስለት 55 ቀናት ይገፋል። የነቢያትና የፍልሰታ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብም ሲታከሉበት ዓመቱ ለወተት አምራች የተቆራረጠ ነው።

ችግሩ በዚህ አካባቢ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በመናገሻ ዙሪያ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የእርሻ መሬት ከዓመት ዓመት ለመኖሪያ ቤት፣ ለፋብሪካና ለመንገድ እየዋለ መጥቷል። ከተሞቹም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። ቀድሞ በገብስና በስንዴ ይተዳደር ለነበረ ቤተሰብ ዛሬ የቀረው ጓሮ፣ ሁለት ወይም ሦስት ላሞችና ጥቂት የንብ ቀፎዎች ሊሆን ይችላል። በዚህ መጠን የሚያመርት ሰው ከትልቅ አቅራቢ ጋር በዋጋ ልወዳደር ቢል ትርፉ ድካም ነው። ለእርሱ የሚበጀው ጥቂት ቢሆኑም በትክክል የእርሱን ምርት የሚፈልጉ፣ ለዚያም ተገቢውን ዋጋ የሚከፍሉ ገዢዎችን ማግኘት ነው።

እነዚህን ገዢዎች ለማግኘት የሚያስችለው መሣሪያ ከሞላ ጎደል በእጅ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከገዢ ወደ ሻጭ በስልክ መላክ የዕለት ተዕለት ተግባር ሆኗል፤ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከትሏል። ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ የሱቅ ኪራይ ሳይከፈልባቸው ዕቃ የሚታይባቸው መደብሮች ከሆኑ ሰነባብተዋል። የሚጎድለው ምን መሸጥ እንደሚገባ ማወቅ ነው። በዚህ ንግድ የሚጀምሩ ብዙ ወጣቶች ከመርካቶ የሚወጣውን ያንኑ ጫማ፣ ያንኑ ቅባት፣ ያንኑ የስልክ ሽፋን ይለጥፋሉ። ፎቶግራፉ እንኳ ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው የተቀዳ ነው። ገዢው ታዲያ በሻጮቹ መካከል ከዋጋ በቀር የሚለይበት ነገር ስለሌለው አምሳ ብር የቀነሰለትን ይመርጣል፤ በማግስቱም ሌላው መቶ ይቀንሳል።

ቅቤ የሚለው ቃል ገበያ አይደለም

በንግድ ትምህርት ጠባብ ገበያ የሚባለው፣ ከሰፊው ገበያ ውስጥ አንድ የተለየ ፍላጎት ያላቸው ገዢዎች የሚገኙበት ክፍል ነው። ጠባብነቱ የሚለካው በዕቃው ዓይነት ሳይሆን በገዢው ሁኔታ ነው። ቅቤ እሸጣለሁ ያለ ሰው ገና ገበያ አልመረጠም፤ ለማን፣ ለምን ጉዳይ፣ መቼ የሚለው አልተመለሰምና።

ለአራስ ቤት የሚሆን ቅቤና የአጥሚት እህል እሸጣለሁ ቢል ግን ነገሩ ይለወጣል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖር፣ እናቷ በሌላ ክፍለ ሀገር ያለች ነፍሰ ጡር ሴት ለገንፎና ለአጥሚት የሚሆነውን ሁሉ ከየት እንደምታገኝ መጨነቋ አይቀርም። የምትወልድበት ወር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ትዕዛዙ ከሳምንታት በፊት ሊሰጥ ይችላል። ለአራስ የሚገዛ ቤተሰብ በዋጋ ብዙ አይከራከርም፤ በንጽሕናው ግን አይደራደርም። የሱሉልታ ደጋ ደግሞ ገብስና አጃ የሚበቅልበት፣ ወተትም የማይጠፋበት ምድር ነው። አምራቹ አዲስ ነገር መዝራት ሳያስፈልገው በቤቱ ያለውን በአንድ ጥቅል አድርጎ ለአንድ ጉዳይ አዘጋጀው ማለት ነው።

የስንቅ ገበያም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ መንገደኛ በተገኘ ቁጥር በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ይላካል። ገዢው እዚሁ ነው፣ ክፍያውም በብር እዚሁ ይፈጸማል፤ የሚበላው ግን ባሕር ማዶ ነው። እንዲህ ያለው ገዢ የሚፈልገው ሻንጣ ውስጥ የማይፈስ፣ ሽታው የማይወጣ፣ ክብደቱና የተዘጋጀበት ቀን በግልጽ የተጻፈበት እሽግ ነው። በሰበታ ወይም በቡራዩ ሽሮ አስፈጭተው ለጎረቤት የሚሸጡ እናቶች ለዚህ ሥራ የሚጎድላቸው ሙያ ሳይሆን ማሸጊያና ሚዛን ነው። ሽሮና በርበሬ የጾም ቀን ስለማያግዳቸውም ወተት በሚቀዘቅዝበት ወቅት ቤቱን ይደጉማሉ።

ወደ ወተቱ ስንመለስ፣ ጥሬ ወተት ለኦንላይን ሽያጭ አስቸጋሪ ነው። በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል፣ ማጓጓዣው ይከብዳል፣ ደንበኛው ደጅ ላይ ካልተገኘ ኪሳራው የሻጩ ነው። ንጥር ቅቤ ግን ወራት ይቆያል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት እንደ ላሟ ዝርያና እንደ ወተቱ ስብ ከ15 እስከ 25 ሊትር ገደማ ወተት ይፈልጋል። ስለዚህ በጾም ገዢ ያጣው ወተት ተንጦ፣ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ተነጥሮ ሲቀመጥ ሸክሙ ቀልሎ፣ ዕድሜው ረዝሞ የፋሲካ ዋዜማን ይጠብቃል። ያን ዕለት ደግሞ የቅቤ ፈላጊ አይታጣም። ወተት በረከሰበት ሳምንት የተሠራው ቅቤ በሚወደድበት ሳምንት ይሸጣል። ስሌቱ ቀላል ቢመስልም አርቢው በመካከሉ ለሚገጥመው የመኖ ወጪ ሌላ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ካልታሰበበት ቅቤው ሳይነጠር ለመኖ ዕዳ ሲባል በርካሽ ይወጣል። ከታመኑ ደንበኞች በቅድሚያ የሚሰበሰብ ቀብድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ገዢው ያጣው ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ቅቤም፣ ማርም፣ በርበሬም ሞልቷል። የጠፋው እምነት ነው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ፣ ስኳር የተጨመረበት ማር፣ ቀይ አፈር የገባበት በርበሬ መያዙን ሸማቹ በየበዓሉ ይሰማል። በወተት ረገድም በ2008 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የወተት ቀጠና ከተሰበሰቡ 110 ናሙናዎች በሁሉም አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው ወሰን ያለፉ ነበሩ። ዋነኛ ምንጭ ሆኖ የተጠቀሰውም ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነው። ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ቦታ ሲከማች ይሻግታል፤ መርዙም በላሟ አልፎ ወደ ወተቱ ይገባል።

ለአንድ አነስተኛ አርቢ ይህ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። ላሞቹ የሚበሉትን ማሳየት የሚችለው እርሱ ነው፤ ከመቶ ደጆች ወተት የሚሰበስበው ነጋዴ አይችልም። መኖው በደረቅ ስፍራ ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጡን፣ ፋጉሎው ቀንሶ ድርቆሽ ሣርና አጃ መተካቱን፣ ቅቤው የተናጠበትን ቀን በስልክ ቀርጾ መለጠፍ ለጠንቃቃ ወላጅ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። እርግጥ ነው፣ ቪዲዮ የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም፤ ያልተመረመረን ወተት ከአፍላቶክሲን ነጻ ነው ብሎ መጻፍም ማታለል ነው። የሚታየውን ማሳየት፣ ያልተረጋገጠውን አለመናገር ይበቃል።

ማር የሚያመርቱም ከዚሁ ተመሳሳይ ዕድል አላቸው። ከቡራዩ በመናገሻ አልፎ በሚሄደው የአምቦ መንገድ ላይ፣ ሆለታ ውስጥ የንብ ምርምር ማእከል ይገኛል። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የሱባ መናገሻ ደን ደግሞ ታሪኩ እስከ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሚደርስ፣ ጽዱ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ የሚነገርለት ጥንታዊ ጥብቅ ደን ነው። በዚህ ደን አቅራቢያ ቀፎ ያለው ሰው ማሩን ማር ብሎ ብቻ ቢሸጥ ስሙን በከንቱ ጣለው ማለት ነው። የተቆረጠበትን ወርና ቦታ፣ ንቦቹ የቀሰሙትን አበባ መግለጽ ዋጋ ያስከፍላል።

ከዘነበወርቅ እስከ ዶንግፌንግ

ይህ ሐሳብ በአገራችን ሲሞከር የመጀመሪያው አይደለም። ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ በሚገኘው በዘነበወርቅ ሰፈር ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት አቋቋመች። መነሻዋ በየገጠሩ የሚታወቀው፣ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው በረባሶ ነበር። በአዲስ አበባ የጫማ ገበያ በረባሶን ይዞ ከቻይና ጫማ ጋር መወዳደር ዕብደት በሆነ። እርሷ ግን በእጅ የተሠራና ከተጣለ ዕቃ የተገኘ በመሆኑ የሚደሰት ገዢ ባሕር ማዶ እንዳለ ተረዳች፤ ጨርቁን በእጅ ሸማ አስጠልፋ በበይነ መረብም ሸጠች። በአንዱ ገበያ የድህነት ምልክት የነበረው ዕቃ በሌላው ተፈላጊ ሆነ።

የቻይናዋ ዶንግፌንግ መንደር ታሪክ ለገበሬ ይበልጥ ይቀርባል። በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ይህች መንደር በአሮጌ ፕላስቲክ መልሶ ማምረት የምትታወቅ ነበረች። በአውሮፓውያኑ 2006 ገደማ ከከተማ የተመለሰ ሱን ሃን የተባለ ወጣት ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን ቀላል የእንጨት መደርደሪያ እያሠራ ታኦባኦ በተባለው የኦንላይን መደብር መሸጥ ጀመረ። ጎረቤቶቹ ተከተሉት፤ መንደሯም ታኦባኦ መንደር ተብለው በመጀመሪያ ከታወቁት ሦስት መንደሮች አንዷ ሆነች። ሁሉም ያንኑ መደርደሪያ መቅዳት ሲጀምር ግን የዋጋ ሽሚያው መንደር ውስጥ ገባ። ጠባብ ገበያ ካልታደሰ ጎረቤት ይሞላዋል። በእኛም አካባቢ አንዱ የአራስ ጥቅል ቢያዋጣው በወሩ አሥር ቻናል መከፈቱ አይቀርም፤ የሚተርፈው የደንበኞቹን ስም፣ የመውለጃ ወራቸውንና የወደዱትን ቅመም በደብተሩ የያዘው ነው።

ከመግዛት በፊት መሞከር

ገበያ መኖሩን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሻጩ ሊገባበት ያሰበውን ዓይነት ዕቃ በሚሸጡ ቻናሎች ውስጥ ገብቶ ሰዎች የሚጠይቁትንና መልስ የሚያጡበትን ለሁለት ሳምንት ቢመዘግብ ይበቃዋል። አንድ ጥያቄ በተለያዩ ሰዎች ደጋግሞ ከመጣ እዚያ ላይ ፍላጎት አለ። ከዚያ ዕቃውን በብዛት ከማዘጋጀት በፊት በአንድ ናሙና ፎቶግራፍና በቁርጥ ዋጋ ትዕዛዝ መጠየቅ ይገባል። ጥሩ ነው የሚል አስተያየት መለኪያ አይሆንም፤ ቀብድ የላከ ሰው ቁጥር ግን መለኪያ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት የማድረሻውን ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል የ500 ብር ቅቤ ለማድረስ ሞተረኛ 150 ብር ቢጠይቅ ከዋጋው ሠላሳ በመቶው መንገድ ላይ ቀረ። አሥር ደንበኞች በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ቢሆኑና አንድ መኪና በ600 ብር ቢያደርስላቸው ግን በሰው 60 ብር ይሆናል። ለዚህ ነው ለጀማሪ አዲስ አበባን በሙሉ ከማዳረስ ይልቅ በየሰፈሩ መወሰን የሚሻለው፦ የሰበታ ሻጭ ጀሞንና ለቡን፣ የቡራዩው አስኮን፣ የሱሉልታው አዲሱ ገበያንና ሽሮ ሜዳን። ማድረሻ ቀንም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ደንበኛ ይለምደዋል። በአዲስ አበባ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በፈቃድ የተገደበ በመሆኑ ከዙሪያው የሚመጣ ሞተረኛ ፈቃዱን አስቀድሞ ማረጋገጡ ከመንገድ መመለስን ያስቀራል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በበይነ መረብ የሚደረግ ውል ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ሥራው መደበኛ ንግድ ሲሆን የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ ግብርም ይከተላል፤ ይህን በየክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ደግሞ ነጋዴ ዋጋውን ለሸማቹ በግልጽ እንዲያሳይ ያዝዛል። ዋጋ በውስጥ መስመር የሚለው የተለመደ አጻጻፍ ከዚህ ጋር አይሄድም፤ ገዢንም ያርቃል፣ ዋጋው እንደ ጠያቂው ይለያያል ብሎ ይጠረጥራልና።

ለአዲስ ዓመት ቅቤ የሚያዘጋጅ አርቢ ሥራው የሚጀምረው ፍልሰታ ከሚገባበት ከነሐሴ 1 ቀን ነው። ለ15 ቀናት ገዢ የሚያጣው ወተት በዚያው ተንጦ ይጠራቀማል፤ የትዕዛዝ መዝገቡም በእነዚሁ ቀናት ይከፈታል። ጾሙ ሲፈታ የታዘዘው ተለይቶ ይነጠራል፣ ይታሸጋል። ከጳጉሜን በፊትም ለየሰፈሩ ተከፋፍሎ ይወጣል፤ በበዓሉ ዋዜማ መኪናም ሞተረኛም ማግኘት ያስቸግራል።