ስሙ በማን ስም ተመዝግቧል?

አንድ ነጋዴ ለሱቁ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ወይም ለአስጎብኚ ድርጅቱ ድረ ገጽ ሊያሠራ ሲነሣ ባለሙያውን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ያስከፍላል፣ ምን ይመስላል። ባለሙያው ቀድሞ የሠራቸውን በስልኩ ከፍቶ ያሳየዋል። ነጋዴው ቀለሙ ያማረውን ይመርጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ቀብድ ይከፍላል። በዚህ ሁሉ መሐል ሳይነሣ የሚያልፈው ጥያቄ ግን ከሁለቱም ይከብዳል። ሥራው ሲያልቅ የድረ ገጹ አድራሻ፣ የተቀመጠበት ቦታና የመግቢያ ቁልፎቹ በማን እጅ ይሆናሉ? ያላማረ ገጽ በሚቀጥለው ወር ሊታደስ ይችላል። በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ አድራሻን ማስመለስ ግን የዚያን ሰው በጎ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ባለሙያ የሚቀጥር ሰው ስለ መልኩ ከመነጋገሩ በፊት የባለቤትነቱን ጉዳይ ሊጨርስ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ከማለት በላይ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ድረ ገጽ የምንለው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተያይዘው የሚሠሩት ነው። አንደኛው ዶሜይን የሚባለው አድራሻ ነው፤ ደንበኛ ስልኩ ላይ የሚጽፈው፣ ታፔላና ቢዝነስ ካርድ ላይ የሚታተመው ስም። ሁለተኛው ሆስቲንግ ነው፤ ቀንና ሌሊት በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ የተከራየ ቦታ። ሦስተኛው ራሱ ገጹ ነው፤ ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ አሠራሩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቢጠፉ በገንዘብና በድካም ይተካሉ። አድራሻው ግን አንድ ብቻ ነው። ደግሞም ዶሜይን «ተገዛ» ይባላል እንጂ በኪራይ የሚያዝ ነገር ነው። በዶት ኮም የሚያልቅ ስም ቢያንስ ለ1፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል፤ ጊዜው ሲደርስ ካልታደሰ መዝጋቢው ድርጅት ጥቂት ቀን ሊታገሥ ይችላል። ከተሰረዘ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎ ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለፈለገው ሁሉ ክፍት ይሆናል። ስሙን ቀድሞ የያዘ እንግዳ ሰው የፈለገውን ይሠራበታል። በዚያ ስም የተከፈተ የድርጅቱ ኢሜይልም አብሮ ይቆማል። ይህን ስም በባለሙያው ስም ማስመዝገብ ማለት ቤት ሠርቶ ካርታውን በግንበኛው ስም እንደ ማውጣት ነው።

ታዲያ ይህ በአገራችን ለምን በብዛት ይደርሳል? ብዙውን ጊዜ መነሻው ተንኮል አይደለም። ስም የሚመዘግቡት የታወቁ ድርጅቶች ውጭ አገር ያሉ ናቸው፤ ክፍያቸውም በውጭ ምንዛሪ፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። የአብዛኛው አነስተኛ ነጋዴ የባንክ ካርድ ለዚህ አያገለግልም። ባለሙያው ግን መክፈያ አለው፤ ወይም ውጭ የሚኖር ወንድም ወይም ጓደኛ ይከፍልለታል። ሥራውን ለማቅለል ሲል የሁሉንም ደንበኞቹን ስሞች በአንድ በራሱ አካውንት ውስጥ ያስገባቸዋል። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ መዝጋቢው ድርጅት የማደሻ ጊዜ ከመድረሱ አንድ ወር ያህልና አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ማስታወቂያ እንዲልክ ያስገድዳል። ማስታወቂያው የሚሄደው ግን በመዝገቡ ላይ ወዳለው ኢሜይል ነው። ባለሙያው አገር ቢለቅ፣ ሥራ ቢቀይር፣ ቢታመም ወይም ያን ኢሜይል መክፈት ቢተው፣ ነጋዴው ነገሩን የሚሰማው «ገጻችሁ አይከፈትም» ከሚል ደንበኛ ነው።

መፍትሔው ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው፤ የሚከፍለውና የሚመዘገበው ሰው አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለምና። ነጋዴው ለድርጅቱ አንድ ኢሜይል ይከፍታል፤ የግል ሳይሆን ሠራተኛ ቢለወጥም የሚቀር ኢሜይል። አካውንቱ በዚያ ኢሜይልና በድርጅቱ ስም ይከፈታል፤ ባለሙያው የራሱን ካርድ አስገብቶ ይከፍልና ገንዘቡን በብር ይቀበላል። ሌላም መንገድ አለ። የአገራችን መለያ የሆነውንና በነጥብ ኢቲ የሚያልቀውን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ዶሜይንና ሆስቲንግ በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም አሉ። ለውጭ ቱሪስት የሚሠራ አስጎብኚ ዶት ኮም ቢመርጥ ምክንያት አለው። ደንበኛው ሁሉ አዲስ አበባ ለሆነ የቤት ዕቃ አምራች ግን በብር የሚታደስ፣ ቢሮ ሄዶ የሚጠየቅበት ስም የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ የመተማመን ጉዳይ ነው። ባለሙያው የጎረቤት ልጅ ወይም የዘመድ ዘመድ በሆነበት አገር ወረቀት ማምጣት ማመንን እንደ መካድ ይቆጠራል። ስሜቱን አልንቀውም፤ አነስተኛ ንግድ የቆመው በእምነት ነው። ሆኖም ውል የሚጻፈው ተዋዋዩ ሌባ ስለሆነ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1719 ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በስተቀር ውል በማንኛውም መልክ ሊደረግ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ስለዚህ በቃል የተስማሙትም ውል ነው። ችግሩ የሚመጣው ምን እንደተባለ ማስረዳት ሲያስፈልግ ነው፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው። ያው ሕግ በአንቀጽ 2610 አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላው ደግሞ ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡትን ውል ያውቃል። «የተወሰነ ውጤት» የሚለውን ልብ ማለት ይገባል። ውጤቱ በወረቀት ካልተወሰነ ባለሙያውም ይጎዳል፤ አምስት ገጽ ብሎ የተስማማው ሥራ አሥራ አምስት ሆኖ፣ «ይችን ብቻ አስተካክልልኝ» ሳያልቅ ወራት ይሄዳሉ።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ስሙና ሆስቲንጉ በድርጅቱ ስም እንደሚሆኑ፣ ስንት ገጽ እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ ማሻሻያ እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ በየዓመቱ የሚከፈለው ምን እንደሆነና ማን እንደሚከታተለው ይጻፍበታል። ከሁሉም በላይ የመጨረሻው ክፍያ ከቁልፎቹ ርክክብ ጋር ይያያዝ። ቁልፍ ሲባል ደግሞ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩበት ዎርድፕሬስ የተባለው ፕሮግራም ለተጠቃሚዎቹ የተለያየ ደረጃ ይሰጣል። «ኤዲተር» የሆነ ሰው ጽሑፍና ፎቶ መቀየር ይችላል፤ ሌላ ሰው ማስገባትም ሆነ ማስወጣት ግን አይችልም፤ ያ የ«አድሚኒስትሬተር» ሥልጣን ነው። ፓስወርድ ተቀበልኩ ብሎ ደስ ያለው ባለቤት የያዘው የኤዲተር መግቢያ ሊሆን ይችላል። የፈጠራ ሥራውን ባለቤትነትም በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጥሩ ነው፤ በአገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ሬስቶራንት ላላቸው ወገኖች ጉዳዩ ይበልጥ ጥብቅ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ ቀራፂ ለአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት በሠራው ሐውልት ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ተቀጣሪ ሠራተኛ ያልሆነ ባለሙያ ተከፍሎት ቢሠራም የቅጂ መብቱ በራሱ ወደ አሠሪው እንደማይተላለፍ አጽንቷል። እዚያ መብቱ የሚተላለፈው ተጽፎ ሲፈረም ነው።

ባለቤትነቱ ከተፈታ በኋላ የሥራው ጥራት ይመጣል፤ ጥራት ስል ቀለሙን ማለቴ አይደለም። የአገራችን ደንበኛ ገጹን የሚከፍተው በስልክ፣ በገዛው ጥቅል ዳታ ነው። ጎግል የገጽን ፍጥነት ሲመዝን ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈልጋል። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ከባድ ፎቶ ይህን አያሟላም፤ የደንበኛውን ዳታም ይበላል። ስለዚህ ርክክቡ በባለሙያው ላፕቶፕና ዋይፋይ ላይ ብቻ መሆን የለበትም፤ ባለቤቱ በራሱ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ማታ ይሞክረው። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የተባለው የጎግል መመዘኛ በነጻ ነው፤ አድራሻውን ማስገባት ብቻ ነው። በአድራሻው መጀመሪያ ላይ ስለሚገባው «https» ስለሚባለው የደኅንነት መለያም አንድ ቃል ልበል። ክሮም የተባለው የጎግል ማሰሻ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ መለያ የሌለውን ገጽ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ብሎ ያሳያል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ለዚህ የሚያስፈልገውን ምስክር ወረቀት በነጻ ስለሚሰጥ፣ ለአነስተኛ ድርጅት ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው የአማርኛው ጉዳይ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስልት ነበራቸው፤ በነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ዛሬም ከአሮጌ ብሮሹር እንዳለ የሚገለበጥ ጽሑፍ እንዲህ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ለውበት ተብሎ የአማርኛ ጽሑፍን በፎቶ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ፈላጊ ሰው ጎግል ላይ ሲጽፍ እንዲያገኘው፣ ዓይነ ስውር ደንበኛም ስልኩ እንዲያነብለት፣ ጽሑፉ እንደ ጽሑፍ መቀመጥ አለበት። የድምፀ ሞክሼ ፊደላት ነገርም አለ። «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ፀጉር» እና «ጸጉር» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ኮድ ያላቸው ፊደላት ናቸው፤ የፍለጋ ሞተር ሁልጊዜ ያገናኛቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ለሙሽራ ልብስ የሚያከራይ ሱቅ ሁለቱንም አጻጻፍ በየቦታው በገጹ ላይ ቢያካትት ደንበኛ ይጨምርለታል። ይህን ሳይጠየቅ የሚያነሣ ባለሙያ ካገኛችሁ ያዙት፤ ለአማርኛ አንባቢ መሥራት ያውቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ለምን ድረ ገጽ? ፌስቡክና ቴሌግራም ነጻ ናቸው፤ ደንበኛውም ያለው እዚያ ነው። ለብዙ ንግድ ይህ እውነት ነው፤ ሰፈሩን ለሚያገለግል ባልትና ቤት የቴሌግራም ቻናልና በጎግል ካርታ ላይ በነጻ የሚመዘገብ ቦታ ይበቁታል፤ ገንዘቡን በድረ ገጽ ላይ አያውጣ እላለሁ። ሩቅ ያለ ደንበኛ ላለው ግን አይበቃም። ከጀርመን ሆኖ በጎንደር ማረፊያ የሚፈልግ ሰው፣ ከአምራቹ ቀጥታ ቡና የሚጠይቅ የውጭ ገዢ፣ ዱባይ ሆኖ ለቤተሰቡ በግ የሚያስልክ ልጅ ሊያምን የሚችል ቋሚ አድራሻ ይፈልጋል። የሌላው ቤት ደግሞ የራስ አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠዋል። በአገራችን ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታግደው ነበር፤ ሰው የሚገባው በቪፒኤን ነበር። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲዘጋ፣ ከሰኔ 2012 መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል እንደሆነው፣ ድረ ገጽም አገር ውስጥ ላለው አይደርስም። ሆስቲንጉ ውጭ አገር ከሆነ ግን እዚያ ላለው ደንበኛ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ገጹን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሴ እሠራዋለሁ የሚል ደግሞ ባለሙያ ለምን ያስፈልጋል ሊል ይችላል። ቀላል ገጽ እንዲያ መሥራት በእርግጥ ይቻላል፤ ዋጋውንም ይቀንሳል። ሆኖም ከእነዚህ አገልግሎቶች አንዳንዶቹ የሠራችሁትን ገጽ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ እንድትወስዱ አይፈቅዱም፤ ወርሃዊው ክፍያ ሲቆም ገጹ ይቀራል። የባለቤትነቱ ጥያቄ ከባለሙያው ወደ ድርጅቱ ዞረ እንጂ አልቀረም። ገጹ የደንበኛ ስምና ስልክ የሚመዘግብ ከሆነም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጠይቀው መረጃውን የሚሰበስበውን ድርጅት ነው፤ «ኮምፒውተሩ ነው የሠራው» ማለት አያድንም።

ድረ ገጽ ያላቸው ነጋዴዎች በበኩላቸው ዛሬውኑ ማጣራት ይችላሉ። በዓለም አቀፉ የስሞች አስተዳዳሪ ድርጅት፣ በአይካን መፈለጊያ ላይ የዶት ኮም ስም ሲያስገቡ የት ድርጅት እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያበቃ ያሳያል። የባለቤቱ ስም ግን ለግላዊነት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ባለሙያውን አካውንቱን ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በእሱ ስም ከሆነ በሰላሙ ጊዜ፣ ጠብ ሳይኖር ማዘዋወሩ ይሻላል። አዲስ የተመዘገበ ወይም በቅርቡ የተዛወረ ስም እስከ 60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይሄድ ሊቆለፍ ስለሚችል፣ ማደሻው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጀመር አያዋጣም። ለዝውውሩ የሚያስፈልገው መዝጋቢው የሚሰጠው የማዛወሪያ ኮድ ነው፤ በዚያው ቀን የገጹን ሙሉ ቅጂ በፍላሽ ተቀበሉ፣ የአድሚኒስትሬተሩን መግቢያ ወደ ድርጅቱ ኢሜይል አዙሩ። ለባለሙያውም የድካሙን ክፈሉት፤ ገጹን በየጊዜው የሚያድስና የሚጠብቅ ሰው ከዚያ በኋላም ያስፈልጋችኋል።